የአክስቴ አውራ ጣት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው ሰደብኩ ብዬ ተመልሻለሁ። ይቺን ግን ዋጥኳት። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

የአባቴን እህት አዳዳ ነው የምንላት። የካ አባዶ እርሻ በነበረበት ጊዜ የአያቴ መሬት ተወስዶ በምትኩ ኮንዶሚኒየም ተሰጠው። እሱ ሲሞት ቤቱን አባቴ ብቻውን ያዘው። አዳዳ ሲኤምሲ የሰው ልብስ እያጠበች በአሠሪዎቿ ሰርቪስ ቤት ታድራለች።

ፍትሕ ቢሮ ለአቅመ ደካማ በነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ ሰምታ መጣችና «አንቺ ተምረሻል፣ አስተርጉሚልኝ» አለችኝ። የገበያ አማርኛ እንጂ የቢሮ አማርኛ አይገባትም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠፍቷት ነው? አልጠፋትም። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ነው።

ባለሙያው ወጣት ነው። ኦሮምኛ የሚችለው ባልደረባው ፍርድ ቤት ሄዶ ስለነበር እኔ እንዳስተረጉም ተስማማ። ወረቀቷን አገላብጦ አየና «የውርስ ድርሻቸውን ለመጠየቅ ጊዜ አላቸው፤ ግን የቀራቸው ሁለት ወር ብቻ ነው። ክሱን እንጽፍላቸዋለን፣ ጠበቃም እናቆምላቸዋለን። ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው» አለኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ወደ አዳዳ ዞሬ በኦሮምኛ «ጊዜው አልፏል ይላል» አልኳት። ወደ እሱ ዞሬ ደግሞ እሷ እንዳይገባት ቶሎ ቶሎ እያልኩ «ወንድሜን አልከስም፣ በቤተሰብ እንጨርሳለን ትላለች» አልኩት።

እንዲህ ከሆነ ይፈርሙ ብሎ «አገልግሎቱን አልፈልግም» የሚል ቅጽ አወጣ። አውራ ጣቷን ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ። ምንድን ነው ስትለኝ መምጣትሽን የሚያሳይ ነው አልኳት። ጣቷን ይዤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አባቴ መሄዳችንን እንኳ አያውቅም ነበር።

ለምን? ለአንዲት ክፍል። ከሁለት እህቶቼ ጋር በአንድ ፍራሽ ነው ያደግኩት። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ትንሿ ክፍል ለእኔ ደረሰች። በሕይወቴ የቆለፍኩት የመጀመሪያው በር የዚያች ክፍል በር ነው። አዳዳ ደግሞ ያን ቀን ሙሉውን ቤት አልጠየቀችም። «አንድ ክፍል ይበቃኛል በይው» ነበር ያለችኝ። አላልኩትም።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ዕድል ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዛሬ እነግራታለሁ እል ነበር። ሥራ ውዬ ስመለስ ክፍሌ ገብቼ እቆልፋለሁ። ዛሬ ልንገራት ዛሬ ልንገራት ስል ጊዜው የእውነት አለፈ። የዋሸኋትን ራሴው እውነት አደረግኩት።

አሁንማ ክፍሏ ታፍነኛለች። አዳዳ በየወሩ በማርያም ትመጣለች። ደረጃው ስለሚያደክማት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች። ባለፈው «ያኔ አንቺ ባትኖሪ ማን ይወስደኝ ነበር?» ብላ በዚያው ጣቷ ግንባሬን እየዳበሰች መረቀችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቸግሮኝ ነው አልልም፤ ከእኔ ይልቅ የቸገራት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ይቅር እንድትለኝ ደግሞ መጀመሪያ መስማት አለባት።

ከነገ ወዲያ ማርያም ናት። ትመጣለች።