ማንም አልተከለውም

ሲስተር «ተከልንልሽ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የምትሠራው ልጅ እምቢ ያላቸው ባልና ሚስቶች በሚታከሙበት ክሊኒክ ነው፤ ሥራዋም ከሐኪሙ ክፍል የሚወጡትን አስቀምጣ፣ የተደረገላቸውን ነገር በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ነው። ታዲያ እሷ ስታስረዳ ትውላለች፣ ሐኪሙ በአንድ ቃል ያፈርስባታል። በላብራቶሪ የተዘጋጀውን ጽንስ ይዛ የገባችውን ቀጭን ቱቦ ያወጣና ጓንቱን እያወለቀ «በቃ፣ ተከልንልሽ» ይላል። ሴትየዋስ ምን ታድርግ? የተተከለ ነገር ከተነቃነቀ ይነቀላል ብላ፣ ለማስነጠስ እንኳ እየፈራች ከአልጋው ትወርዳለች።

«ኧረ ዶክተር፣ እኛ እኮ አልተከልንም» ትለዋለች፤ በዕድሜ ታናሿ ስለሆነ አትፈራውም። «እኛ ማህፀን ውስጥ አስቀመጥነው፣ አለቀ። የሚሰርጸው ጽንሱ ራሱ ነው። የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስሮ የሚገባው እሱ፣ እዚያ ሥር የሚሰደው እሱ። ካልሰረጸም አልሰረጸም፤ የእኛም የእሷም እጅ የለበትም።»

«አንቺ ደግሞ ቃል ስትሰነጥቂ ልትኖሪ ነው። ተከልን ሲባል ሰዉ ይገባዋል።»

«የሚገባውማ ስህተቱ ነው።»

ይስቃል። የክሊኒኩ ሰው ደግሞ «ሲስተር ስርጸት» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሳትቀር ጠዋት ጠዋት «ሲስተር፣ ዛሬስ ሰረጸ?» እያለች ትቀልድባታለች። ሲስተር ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ስንቱን መልሳ ትችለዋለች።

የባሰው ግን ነገሩ ቤተሰቧ ውስጥ መግባቱ ነው። ታናሽ እህቷ እዚያው ክሊኒክ ስትታከም የመጀመሪያው ጽንስ አልሆነላትም። አሁን ሁለተኛው ገብቶላት ቤቷ አልጋ ላይ ናት፤ ከዚህ በኋላ የተረፈ ጽንስ የለም። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለሄደ የምትጠብቃት አማቷ ናት፤ መጠበቅ ሲባል ታዲያ፣ ወንበር ስባ አልጋው ሥር ተተክላለች። ያኔ በመጀመሪያው ጊዜ እህቲቱ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ ደረጃ ወጥታ ነበር። አማትየዋ ከዚያ ቀን ወዲህ በመጣ በሄደው ፊት «ደረጃው ላይ ጣለችው» ትላለች። እህቲቱ አንገቷን ደፍታ ከመስማት በቀር አንድም ቀን አፏን ከፍታ መልሳ አታውቅም።

ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብትል፣ እህቷ እግሯ ሥር ትራስ ተደርጎላት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ሽንት ቤት እንኳ አልተነሣሽም?»

«እማማ ፖፖ ያመጡልኛል።»

ሲስተር ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ዘጭ አደረገችው። «እማማ፣ በፈጠረዎት፣ ይሄ እኮ የሚወድቅ ነገር አይደለም። ትነሣ፣ ትራመድ። መተኛቷ የሚፈይደው ነገር የለም።»

«የተከለው ሐኪሙ፣ የሚያውቀውም ሐኪሙ» አለች አማትየዋ፣ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እየሳበች። «እሱ ተከልን ብሏል። አንቺ ተይን።»

እውነትም ብሏል። ሲስተር በሆዷ ሐኪሙን እየሰደበች ወጣች።

የደም ምርመራው ውጤት በደረሰበት ቀን አማትና ምራት አብረው መጡ። እህቲቱን እዚያም ምርመራ አልጋው ላይ አጋድመዋት ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና እርግዝና እንደሌለ ነገራቸው።

«ትናንት ተነሥታ መስኮት ከፍታለች» አለች አማትየዋ ወዲያው። «በዓይኔ አይቻታለሁ። ይኸው ነቀለችው።»

ሲስተር በሩን ዘጋችና ሐኪሙ ፊት ቆመች። «ዶክተር፣ እኔ ስናገር የሚሰማኝ የለም። አንተ ንገራቸው። ተክለሃል ወይስ አልተከልክም?»

ሐኪሙ ሊቆጣ ቃጣውና የተጋደመችውን አየ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። መነጽሩን አወለቀ።

«አልተከልኩም» አለ። «አስቀመጥኩ እንጂ። ከዚያ በኋላ ጽንሱ ራሱ መስረጽ ነበረበት፤ አልሰረጸም። እማማ፣ መስኮት መክፈቷ ምንም አላደረገም። ተከልን ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

እህቲቱ ከግድግዳው ሳትዞር «የመጀመሪያውስ?» አለች።

«የመጀመሪያውም እንደዚያው ነው። ደረጃ በመውጣት የሚወድቅ ነገር አይደለም።»

እህቲቱ ቀና አለችና እግሯን ወደ መሬት አውርዳ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። አማትየዋ ከልማድ «ቀስ በይ፣ ልጄ» አለቻት።

«አሁን ምን ቀረኝና ነው ቀስ የምለው?»

ለአማቷ መልስ ስትሰጥ ሲስተር ሰምታ አታውቅም። ጫማውን አንሥታ ልታቀብላት ጎንበስ ስትል፣ እህቷ ትከሻዋ ላይ ወደቀችና ተንሰቀሰቀች። ለመጀመሪያው ያኔ አላለቀሰችም ነበር፤ የገዛ ልጇን የጣለች ምን ብላ ታለቅሳለች? ለሁለቱም ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።