ግድቡ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ

አማኑኤል አካባቢ፣ ወንዙ ዳር ያለው የእህል መጋዘኔ ከአፈር ግድቡ በታች ነው። ግድቡ በክረምት ጎርፉን ከሰፈራችን ያስቀርልናል፤ ያጠራቀመውን ውሃ ደግሞ በበጋ ለድንች እንለቀዋለን። ሰው ሁሉ ያምነዋል። እኔ ግን እንኳን የአፈር ክምር፣ የራሴንም ሚዛን ደግሜ ሳላይ አላምንም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ገበሬ፣ የግድቡን ጀርባ በባሕር ዛፍ ችግኝ ሲሞሉት ነው። እኛ አገር ባዶ መሬት ታይቶ ባሕር ዛፍ ሳይተከልበት አይታደርም።

«ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል» አሉኝ።

«አጠናውንስ ማን ይይዘዋል?»

«ነጋዴ፣ ሰውን በራስህ ልክ አትስፋ» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ብሆን ለአጠናው ነበር የምተክለው።

ዛፉ አድጎ ተቆረጠ። አንዳንዱ ጉቶ መልሶ አቆጠቆጠ፣ አንዳንዱ እዚያው በሰበሰ። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከአንዱ የበሰበሰ ጉቶ ሥር ጥርት ያለ ውሃ ሲወጣ አየሁ። ሰብሳቢውን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ምንጭ ነው» አሉ።

«እስከ ዛሬ የት ከርሞ?»

 በማግስቱ እህሌን በጋሪ እየጫንኩ ዳገቱ ላይ ወዳለው እህቴ ቤት መውሰድ ጀመርኩ።

«ነጋዴያችን ጤፉን እያሸሸ ነው፤ ሊወደድ ነው ማለት ነው» አለች ጎረቤቴ ጠላ ሻጯ ለጠጪዎቿ።

«ግድቡ እያፈሰሰ ነው» አልኳት።

«እሱማ እንዲያ ይላል።»

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ሳይወደድ ሊገዛ ጆንያውን ይዞ መጋዘኔ በር ላይ ተሰለፈ። ግድቡ ቢናድ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ሰልፍ ነው። ሂዱ ብላቸው ይብሱን ተጠጉ።

ሮጬ ሄጄ ከጉቶው ሥር የሚወጣውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁና ሰልፈኛው ፊት፣ ጫጫታውን ሰምተው ለመጡት ሰብሳቢ ሰጠኋቸው። የትናንቱ ጥርት ያለ ውሃ የግድቡን ቀይ አፈር ይዞ ደፍርሷል። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው ብዙ አዩት።

«ግድባችንን እየበላው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው የውሃ መልቀቂያውን በር ራሳቸው ከፈቱት። የበጋ ውሃችን፣ የእሳቸውም ድንች አብሮት፣ በወንዙ ወረደ። ግድቡ ጎደለ፣ ከጉቶው ሥር የሚወጣውም ቆመ።

«በል አሁን እህልህን መልስ» አሉኝ።

«ቀዳዳው ሲደፈን አይቼ።»

ሰልፉ ግን አልተበተነም፤ እንዲያውም ረዘመ። በሚመጣው በጋ ድንች እንደማይኖር ሁሉም ገብቶታል።

«ይወደዳል አላልኳችሁም?» አለች ጠላ ሻጯ።