መርዶ ነጋሪው ኦቦ ዋቆ

እኛ ሰፈር፣ ሱሉልታ፣ ሞት የሚሰማው ከኦቦ ዋቆ አፍ ነው። ነበር ልበል እንጂ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ጡሩምባውንማ ማንም ይነፋዋል፤ የእሳቸው ሥራ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያጣሩት የሟች እናት፣ ሚስት፣ ልጅ የት እንዳሉ ነው። ብቻዋን ናት? ልብ ሕመም አለባት? ከዚያ ሁለት ጎረቤት ያስከትሉና ገብተው ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ከብቱ ያወራሉ፣ ቀስ እያሉ ይጠጋሉ። ቤተሰብ ሳይረዳ ጡሩምባ ተነፍቶ አያውቅም። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔንም ያረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች አስቁመው ነበር፤ ስወድቅ መሬት አልነካሁም። እኔ ሃዋ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ እድራችን ግን አንድ ነው።

ልጄ ሚንሃ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የእድር ሶፍትዌር ነው አለችኝ። የአባላት ስልክ ይመዘገባል፤ ሰው ሲሞት ጸሐፊዋ ስሙን ታስገባና መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል። ደግሞ «ኦፕን ሶርስ» ነው አለች፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ እድር በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል። «በነፃ? አንቺ ልጅ፣ እውነት የኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሽው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። ግን ኮራሁባት፣ ምን እደብቃለሁ። ሰፈሩን እየዞርኩ የሰዉን ስልክ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። የኦቦ ዋቆንም ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ።

ተማሪዎቹ ፕሮጀክታቸውን ለሚያቀርቡበት ቀን «የሚጠቀምበትን ሰው ይዛችሁ ኑ» ተብለው ኖሮ፣ ኦቦ ዋቆን ሄጄ ለመንኳቸው። «ምን ላደርግ? ሥራዬን ስትቀማኝ ቁጭ ብዬ ላጨብጭብ?» አሉኝ። ቀልድ ነው፤ ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። ቢሆንም ለሰው ልጅ እምቢ ማለት አይችሉበትም፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የሚንሃ ተራ ሲደርስ መድረኩ ላይ አጠገቧ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ስልካቸውንም በእጃቸው አስያዘቻቸው። ሱሉልታ ያለችው የእድሩ ጸሐፊ አረጋሽ ልክ አራት ሰዓት ላይ «ሙከራ» የሚል ስም ልትልክ ተነጋግረዋል። አንዱ መምህር «ለሁሉም አባል ባንዴ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀ። «ለሁሉም! በአራት ሰከንድ» አለች ልጄ፣ ደረቷን ነፍታ።

አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የኦቦ ዋቆ ስልክ ጮኸ። የኔም ጮኸ። ትልቁ ስክሪን ላይም ወጣ፦ «የኦቦ ዋቆ ልጅ ገመቺስ ዋቆ በመኪና አደጋ አርፏል። የቀብሩ ሰዓት ወደፊት ይገለጻል።» አዳራሹ አጨበጨበ። ሠራ ብለው ነው እኮ! ወላሂ አጨበጨቡ። ልጄም ፈገግ ብላ ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ከዚያ ማንበብ ጀመረች።

ኦቦ ዋቆ ዓይናቸው ደክሟል። ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። «የልጄን ስም ለጨዋታ ማን ነው የሰጣችሁ?» አሉ፣ ተቆጥተው። እኔም ያ ረቢ፣ ጨዋታ ይሁን፣ አረጋሽ ተሳስታ ይሁን እያልኩ ደወልኩላት። እያለቀሰች አነሳችው። ገመቺስ አይሱዙ ይዞ ጎጃም መስመር ላይ ተገልብጧል። ጓደኛው፣ እሱም ሹፌር ነው፣ አባትየው ጋ መደወል ፈርቶ ለእሷ ነገራት። እሷ ደግሞ ደንግጣ እንደተማረችው አስገባችው። አባትየው ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አላሰበችም። እሷ ብቻ ናት ያላሰበችው? እኔስ? ያቺ አራት ዓመት የተማረች ልጄስ?

ለእሳቸው ከኋላቸው የቆመ ሰው አልነበረም። ሲወድቁ ግንባራቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው።

ለሚንሃ ጥሩ ውጤት ሰጧት። ቤት ስትገባ በጥፊ ልላት እጄን አነሳሁ። ስልኩን ማን አስመዘገበው? ብዬ እጄን መለስኩ። ሁለታችንም ቁጭ ብለን አለቀስን።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ኦቦ ዋቆ አስጠሩን። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። እስከዚያ ቀን ድምፃቸውን አውጥተው አላለቀሱም ነበር፣ ሰዉ ይሄንን ነበር የሚፈራው።

«ይሄ ነገርሽ ሌላ ቦታ አለ?» አሏት ሚንሃን።

«ስድስት እድሮች ወስደውታል፣ ኦቦ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ኮዬ ፈጬም አለ።»

«እንደኛው ነው የሚናገረው?»

«አዎ። የኛን አስተካክዬዋለሁ፤ ቤተሰብ መረዳቱን ሳይጠይቅ አይልክም። ለእነሱም ጽፌላቸዋለሁ። ግን ያወረዱት በእጃቸው ነው፣ እኔ ልነካው አልችልም። የመለሰልኝም የለም።»

«እንሂዳ!» አሉ።

ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ብንላቸው ማን ይስማን። ሦስታችን በሚኒባስ ቡራዩ ሄድን፤ እዚያ ወዲያው ገባቸውና አጠፉት። ሰበታ ስንደርስ የእድሩ ሊቀ መንበር እየሳቀ ተቀበለን። «የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ! ባለፈው ሳምንት የድንቅቱን ባል ሞት በዚሁ ለፈፍነው። ማንም እግሩን ሳያደክም!»

«ሴትየዋ ስትሰማ የት ነበረች?» አሉ ኦቦ ዋቆ።

ሰውየው ግራ ገባው። «እንጃ። እሱን እንኳ ማንም አልጠየቃትም» አለ።

ቤቷን አሳየን። ድንቅቱ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስልኳን ከዘጋችው ሳምንት ሆኗታል፣ ሰው ሲያንኳኳም ትደነግጣለች። ሚንሃ በሩ ላይ ቀረች፣ መግባት አቃታት። ኦቦ ዋቆ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አላወሩም።

«አባቴ፣ አላወቅኩዎትም» አለቻቸው። «የባለቤቴ ዘመድ ነዎት?»

«አይደለሁም» አሉ። «ለእኔም የልጄ ሞት እንዳንቺው በስልክ ነው የደረሰኝ።»

እጃቸውን ያዘችው። ኦቦ ዋቆ ለገመቺስ ድምፃቸውን አውጥተው ያለቀሱት ያኔ ነው፣ በማያውቋት ሴት ቤት።