በገዲሴ ጤፍ መሀል የወጣው መንገድ

የመሬት ቀያሾቹ ከከተማው ዳር ወዳለችው ፉሪ የመጡት በ1987 ዓ.ም.፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ገዲሴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን እርሻ ይዛ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ከቀያሾቹ አንዱ ወረቀቱን ሣር ላይ ዘርግቶ አስረዳት፦ ከተማው ከዚህ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ መሬቷ አረንጓዴ ክልል ውስጥ ገብቷል። ማረስ ይቻላል፤ አዲስ ቤት መሥራት ግን ክልክል ነው። የሚያስነሳት እንደሌለ ስትሰማ እፎይ አለች፤ እርጎም ቀዳችለት።

እፎይታዋ ልጇ ቢፍቱ እስክታገባ ድረስ ቆየ። ቢፍቱና ባሏ ሮበሌ ከእናቷ ጓሮ ሁለት ክፍል ጀመሩ። ገና ጭቃው ሳይመረግ የቀበሌ ሰዎች መጥተው አፈረሱት። ገዲሴ ፈቃድ ፍለጋ ቀበሌ ተመላለሰች፤ ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ ሲሏት ከረመች፤ በመጨረሻ ደከማትና ተወችው። ባልና ሚስቱ ተቆጣጣሪ ወደማይደርስበት፣ ከክልሉ ማዶ ሄደው ጎጆ ቀለሱ።

እንደነሱ ቤት መሥሪያ ያጣው ሁሉ ወደዚያው ነጎደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማዶው መንደር ሆነ፤ ከተማው ገዲሴን ዘሏት ሄደ። ሥራው፣ ገበያው፣ ታክሲው፣ ቦኖው ግን ከወዲህ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጠዋት ማታ ጤፏን እየረገጠ ያልፍ ጀመር። እሾህ አጠረች፤ በሦስተኛው ቀን ተከፍቶ አገኘችው። ደግማ አጠረች። አሁንም ከፈቱት።

አንድ ጠዋት ዱላ ይዛ ማሳው ዳር ቆመች። ከፊት የመጣችው፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ነፍሰ ጡሯ ቢፍቱ ናት።

«እማዬ፣ በዙሪያው ልሂድ?» አለቻት።

«በዙሪያው ምን ያህል ያስኬዳል?»

«አንድ ሰዓት ያልፋል።»

ገዲሴ የልጇን እግር አየች፤ አብጧል። ዞር አለችላት። ከኋላ የነበሩት ሠራተኞችና ተማሪዎችም አንገታቸውን ደፍተው ተከትለው አለፉ።

በቀጣዩ የእርሻ ወቅት ለሚያርስላት ጎረቤት መሀሉን እንዲተወው ነገረችው። ክረምቱ ጥርጊያውን አጨቀየው፤ ሰዉም ጭቃውን እየሸሸ ግራና ቀኝ አሰፋው። ምርቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ከወዲሁ ታወቀ።

ቢፍቱ ነሐሴ ላይ ወለደች። ገዲሴ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዛ ልትጠይቃት ተነሣች። ማሳዋ መሀል ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የማታውቃቸው ሰዎች «እንደምን አደሩ እማማ» እያሏት ያልፋሉ። ለሁሉም መለሰችላቸው፤ ትንሽ አረፍ አለችና ዱቄቷን አንሥታ ቀስ እያለች ወደ ማዶ ሄደች።