ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ መስታወቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል። በጣቴ 30031 ብዬ ጻፍኩበት።

እናቴ የሞተች ሰሞን ዘመዶቻችን ታናናሾቼን ተከፋፈሏቸው። የቀረሁትን እኔን አክስቴ ይዛኝ በዚሁ መንገድ ወረደች። ለቅሶዬን አላቆም ስላት ከፊታችን የሚሄደውን የጭነት መኪና ታርጋ አሳየችኝና፣ «እስቲ አካፍዪው» አለችኝ።

መስታወቱ ላይ እየጻፍኩ እየጠረግሁ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት አካፈልኩት።

«እምቢ አለኝ፤ ሁሌ አንድ ይተርፋል» አልኳት።

«ይትረፋ! የተረፈውን እኔ እወስደዋለሁ፣ ወላሂ!» አለችና በሻሿ ጫፍ እንባዬን ጠረገችው።

ካደግሁ በኋላ፣ ያ ቁጥር ለሃምሳ ዘጠኝ ሲካፈል ምንም እንደማይተርፍ ደረስኩበት። አሁን አክስቴ ቤት እየሄድኩ ነው። ዛሬም አልነግራትም።