የሁለት ሺህ ዓመቱ ቀዳዳ

ከመሰላል ወድቄ እግሬን ተሰብሬ ቤት የዋልኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። መሰላሉን ያቆምኩት ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው እንኳ አላገኘሁም። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ስዘረጋ የኖርኩ ሰውዬ ሳሎን ተጎልቼ ባለቤቴን እንዴት ዕቃ እንደሚታጠብ ማስተማር ስጀምር፣ ትልቋ ልጄ ዘዴ ፈለገች።

«አባዬ፣ እስቲ እዚች ከተማ ውስጥ ዞር ዞር በል» ብላ ኮምፒውተሯን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከተማዋ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ወደብ ናት። አጥኚዎች ፍርስራሿን ለክተው፣ ግድግዳዋንም ጣሪያዋንም በኮምፒውተር መልሰው ሠርተው ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋታል። ቁልፍ እየተጫንክ መንገድ ለመንገድ ትሄዳለህ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ከአንድ ግድግዳ ጋር ስጋፋ ቆየሁ። ገበያው መሃል የቆመውንም ሰውዬ «እንደምን ዋልክ» ብዬ መልስ ስጠብቅ ልጄ ያዘችኝ።

ሌላው ሰው ሐውልቱን ያያል፤ እኔ ቦይ ቦይዋን። በሦስተኛው ቀን ከሕዝብ መታጠቢያው ጀርባ የፍሳሽ ቦዩ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ደሜ ፈላ! ለአጥኚዎቹ ደብዳቤ አስጻፍኩ፦ «ውኃ ሽቅብ አይፈስም፤ ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።» መልሱ እስኪመጣ ሊጠይቀኝ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ «ምሁራኑን አረምኳቸው እኮ» እያልኩ ተንጎራደድኩ፤ ያውም በክራንች።

በሳምንቱ አንዲት አጥኚ መለሰች። «የተከበሩ ጌታዬ፣ ያዩት ፍሳሽ ሳይሆን ከኮረብታው ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቦይ ነው። እርስዎ የቆሙት መጨረሻው ላይ ነው።»

ባለቤቴ ሳቋን ልትደብቅ ጓዳ ገባች። ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ደግነቱ ሴትየዋ አንድ ጥያቄ ጨምራለች። አንድ ቤት ግድግዳ ላይ በድንጋይ የተደፈነ ቀዳዳ አለ፤ ከእሱ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደግሞ ቧንቧ ያለፈበት ሌላ ቀዳዳ። «የላይኛው ለምን እንደተበሳ ስንከራከር ዓመታት አለፉ። ለአማልክት ስጦታ ማስቀመጫ ነው የሚሉም አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ቤቱን ፈልጌ ገባሁ። ቀዳዳውን ገና ሳየው ለበሳው ሠራተኛ አፈርኩለት። ለክቶ በስቷል፤ ከበሳ በኋላ ከፍታው እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ባለቤቶቹ ሳይመጡ በጥድፊያ ደፍኖ ሌላ በስቷል።

«በምን አወቅክ?» አለች ልጄ።

«የጥርስ ሐኪሙ ቤት፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት፣ የአክስትሽም ቤት እንዲሁ ደፍኛለሁ።»

እሷም ሳታለሳልስ እንዳለ ጻፈችው። አሁን ያ ቤት ገብተህ ቀዳዳውን ስትነካ «የሠራተኛ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፤ የነገረን አንድ ልምድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ባለቤቴ ሁለቴ አነበበችውና «በስህተትማ ማን ይደርስብሃል!» አለችኝ።

መቀየም ነበረብኝ። እኔ ግን ለዘመድ ሁሉ እንድትልክልኝ ልጄን ለመንኳት፤ ለአክስቷ ብቻ ሲቀር።