ሐዱ የዋሸበት ቅጠል

ከታማ በሚባሉት ተራሮች ሰው ሲታመም ቁርኣን የሚቀራለት ይፈለጋል፤ ኪፍ ሲታመም ግን የሚጠራው ሐዱ ነው። ኪፍ የሚሉት ካናቢሱን ነው። በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሌላ የዘሩት ሁሉ የዘሩን ያህል እንኳ አይመልስም፤ ዳቦውም፣ የልጆች ጫማውም፣ የሙሽራ ጥሎሹም የሚወጣው ከዚያ ተክል ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚፈርድ ይፍረድ፤ እዚያ የሚኖር ሰው ግን የሚያበላውን ይዘራል።

ሐዱን ቅጠል ማየት ያስተማረው ችግር ነው። በወጣትነቱ ማሳው ከሥር ጀምሮ ሲገረጣ ውሃ የጠማው መስሎት ሲያጠጣ ሲያጠጣ ሥሩን አበሰበሰው። ያን ክረምት ቤተሰቡ ዘይት ጠብ ያላለበት የባቄላ ሾርባ ሲጠጣ ከረመ፤ በኩር ልጁም በዚያው ክረምት አረፈች። ከዚያ ወዲያ ቅጠል ሳያገላብጥ አልፎ አያውቅም። የታችኛው ቅጠል ከገረጣ ተክሉ ርቦታል፤ ለጋው ገርጥቶ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ጥፋቱ የአፈሩ ነው፤ ከጀርባው ድር ካደራበት ተባይ አለ። ሴቶቹ «የሚስቱን ፊት እንዲህ ትኩር ብሎ አይቶት አያውቅም» እያሉ ይስቁበታል። ቃሉን ግን የሚጥስ የለም። በተለይ «ዋግ ነው» ካለ፣ የታመመው ማሳና በአንድ ግንብ የሚዋሰነው ማሳ በዚያው ቀን ተነቅለው ይቃጠላሉ። ያለበለዚያ ሸለቆው በሙሉ ያልቃል።

በሐምሌ ወር ቡዝያን የሚባለው ጎረቤት አስጠራው። ሲደርስ የቡዝያን ወንድሞችና የመንደሩ ወንዶች ግንቡ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ዓሚ ሐዱ፣ እስቲ ይዩልኝ። ባለፈው ሳምንት እንደ ሙሽራ ያምሩ ነበር» አለ ቡዝያን፤ ታላቅን «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ብሎ መጥራት የአገሩ ወግ ነው።

ሐዱ ተንበረከከ። የቅጠሎቹ ዳር እሳት የላሰው ይመስላል፤ ጫፋቸው ደርቆ ይፈረፈራል፣ መሐላቸው ግን አረንጓዴ ነው። ገለበጠው፤ ድር የለም። ዋግ ነጠብጣብ ይተዋል፤ እዚህ አንድም ነጠብጣብ የለም። ሥሩን ቆፍሮ አሸተተ፤ አልበሰበሰም። ደግሞ ክፉኛ የተቃጠሉት በታችኛው ግንብ ሥር ያሉት ናቸው። ከአፈሩ ቆንጠር አድርጎ ጢሙን የሚጠርግ መስሎ ምላሱን አስነካው። ጨው ነው።

ከታችኛው ግንብ ማዶ ያለው የልጁ የታሚሙንት ማሳ ነው። ባሏ ሸዒብ በቅርቡ ከገበያ ሁለት ጆንያ ያልተፈጨ ጨው በበቅሎ ሲያመጣ ያራገፈው ሐዱ ራሱ ነበር። «ለወይራው ነው» ብሎት ነበር ሸዒብ። የወይራው ፍሬ ተለቅሞ በጨው የሚነከረው ግን ገና በመከር ነው። ነገሩ ሐዱን ቢገርመውም አማቹ ነውና አላወጣጣውም። ቡዝያን ምንጩ ላይ ሞተር ተክሎ ውሃውን ከጠለፈ ጀምሮ ሸዒብ ጥርሱን እንደነከሰ ማንም ያውቃል።

«ታዲያስ? የሰው እጅ ነው እንዴ?» አለ ቡዝያን።

«አታጣድፈኝ።»

«ሰው ከሆነ ይንገሩኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የናቀኝን ልወቀው።»

ይህን ያለው ድምፁን ሳያነሳ ነው፤ ሐዱን ያስፈራውም ይኸው ነበር። በውሃ ጠብ ሰው ገድለው ከቡዝያን ቤት ሁለት ወንዶች እስር ቤት ናቸው፤ ሦስተኛው ገዳይ ግን አልተያዘም። ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል፤ ስሙን ግን አይጠራም።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ጨው ነው ቢል ሸዒብ ሳምንት አያድርም፤ ታሚሙንት ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ትቀራለች። ርቦታል እንዳይል፣ ቡዝያን ፍግ ሲያለብስ አገር አይቷል። የቀረው «ዋግ ነው» ብሎ መዋሸት ነው። ያኔ የልጁም ማሳ ይነቀላል። አንድ የረሃብ ክረምት ምን እንደሚያደርግ ሐዱ ሬሳ አቅፎ ተምሮታል፤ ቢሆንም የተራበ ሊተርፍ ይችላል አለ በልቡ።

«ዋግ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስንት ዘመን ቅጠል አየሁልህ?»

ቡዝያን እንባው መጣ። ያ የሚፈራ ሰውዬ እንደ ልጅ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ተክል በገዛ እጁ ነቀለ። ሐዱ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ሸዒብ ከተማ ወርዶ ነበርና ሐዱ ልጁን ብቻዋን አገኛት።

«አባ፣ የኛ ቅጠል እኮ ምንም የለበትም። ትናንት ራስህ አይተኸዋል!»

«ንቀዪ ልጄ።»

«ሸዒብ እስኪመጣ እንኳ...»

«ሳይመጣ ንቀዪ።»

አባቷን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ መንቀል ጀመረች። የመንደሩ ሴቶች እንደ ወጉ ሊያግዟት መጡ። ቡዝያንም የራሱን ጨርሶ መጣ። «ሐዘናችን አንድ ነው እህቴ» ብሎ ከቤቱ ያመጣውን ትኩስ ዳቦ ድንጋይ ላይ አስቀመጠላትና በአንድ ጥግ መንቀሉን ተያያዘው።

ግማሹ ማሳ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ሸዒብ ደረሰ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ታሚሙንት! አብደሻል?»

«ዋግ ገብቷል ወንድሜ» አለ ቡዝያን። «ከኔ ወደ አንተ ሳይሻገር...»

«የምን ዋግ! የኔ ማሳ ውስጥ ዋግ የለም!»

«ሸዒብ፣ ዝም ብለህ ንቀል» አለ ሐዱ። ዐይኑን አጉረጠረጠበት፤ ቢችል አፉን በመዳፉ ቢከድነው በወደደ።

«እርስዎም ከነሱ ጋር? የልጅዎን እንጀራ? አልነቅልም! የሱ ማሳ ላይ ያለው ነገር አይሻገርም!»

ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቡዝያን ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

ሸዒብ ሰረቅ አድርጎ ግንቡን አየ። ቡዝያን እሱን ብዙ አላየውም። ዞሮ ያየው ሐዱን ነበር።

«ዓሚ ሐዱ፣ ዋግ ነው አሉኝ እኮ። አመንኩዎት።»

 ቡዝያን እጁን ከአፈሩ አራግፎ ግንቡን ተሻገረና ሳይቸኩል ወደ ቤቱ ወጣ።

«በቅሎዬ እዚያ ታስራለች» አለ ሐዱ፣ አማቹን ክንዱን ይዞ። «አሁኑኑ ውጣ። ወደ ባሕሩ ሂድ፣ የትም ሂድ።»

ሸዒብ ያልተነቀለውን ግማሽ ማሳ ያያል። «ይሄንስ ማን ያጠጣዋል?» አለ።

«አባ፣ ታውቅ ነበር?» አለች ታሚሙንት። የነቀለችው ተክል ገና በእጇ ነው።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ አስነቀልከኝ?»

«ባልሽ እንዲተርፍልሽ ብዬ ነው ልጄ።»

ቡዝያንና ወንድሞቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ሸዒብ ከተክሎቹ መሐል ገና አልወጣም ነበር።